አሸዋውን የት ጣላችሁት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ ፍራኪንግ (ከመሬት በታች ያለውን ዓለት ሰንጥቆ ነዳጅና ጋዝ ስለ ማውጣት) ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለቴ አነበብኩት። «ውሃና ኬሚካል በከፍተኛ ግፊት ወደ ዓለቱ ይገፋል» ይላል። አሸዋውስ? አንድም ቦታ የለም።

ግፊቱ ዓለቱን ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁ መልሶ እንዳይገጥም የሚይዘው ግን አሸዋው ነው። ለአንድ ጉድጓድ ብቻ በሺህ የሚቆጠር ቶን ይገባል። የሚያደርሰው ደግሞ ትራክ ነው። ከኦዴሳ እስከ ፔኮስ ባለው የምዕራብ ቴክሳስ መንገድ መሪ የጨበጠ ስንት ሐበሻ አለ! የምትጽፉትስ ለእኛ አይደለም ወይ?

እኔ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሦስት ዓመት አሸዋ ጭኛለሁ። ጥቅሙን አልክድም። ለእናቴ ባሕር ዳር ቤት የሠራሁላት በዚያ ገንዘብ ነው። ስለ ቆሻሻ ውሃውና ስለ መሬት መንቀጥቀጡ የጻፋችሁትም ትክክል ነው። የከነከነኝ «የሥራ ዕድል»ን ከጥቅሙ በኩል ብቻ ማስቀመጣችሁ ነው። ያው ሥራ እኮ ከጉዳቱም በኩል አለ።

አሸዋው ሲራገፍ ነጭ አቧራ ይነሳል። እንደ ዱቄት ጢም ላይ ይቀመጣል። ሲሊካ የሚባለው የአሸዋው ማዕድን ነው። ሳንባ ውስጥ ሲከማች ሲሊኮሲስ የሚባል የሳንባ በሽታ ያመጣል፤ እሱ ደግሞ አይድንም። የአሜሪካ የሥራ ጤና ተመራማሪዎች በ5 ግዛቶች፣ 11 የፍራኪንግ ቦታዎች ላይ 116 የአየር ናሙና ወስደው ነበር። 47 በመቶው ከሕጉ ወሰን በላይ ሆኖ ተገኘ። ማስጠንቀቂያው የወጣው በ2012 ነው። በ2016 ሕጉ ሲጠብቅ ለፍራኪንግ ድርጅቶች አቧራውን በመሣሪያ እንዲቆጣጠሩ እስከ ጁን 2021 ጊዜ ተሰጣቸው። እኔ የሠራሁት እነሱ ጊዜ በተሰጣቸው በእነዚያ ዓመታት ነው።

ያሠራኝ ድርጅት ስለ አቧራው አንድ ቀን ትንፍሽ አላለም። ማስክ ስጠይቅ ዲስፓቸሩ (ጭነት የሚመድብልን ሰው) «መስኮትህን ዝጋ» አለኝ። ዘጋሁ። በዚያ በምዕራብ ቴክሳስ ሙቀት ለማራገፍ ሰባት ሰዓት ሰልፍ የጠበቅኩበት ቀን አለ። ለማራገፍ ግን መውረድ ግድ ነው። ስወርድ አቧራው ይጠብቀኛል።

አብሮኝ ይጭን የነበረ ጓደኛዬ ዛሬ አንድ ፎቅ ደረጃ ለመውጣት ሁለት ጊዜ ያርፋል። ሐኪሙ «ሥራህ ምንድነው?» ሲለው «ሹፌር ነኝ» ብሎ ወጣ። ስለ አሸዋው መናገር እንዳለበት ማንም አልነገረውም። የእናንተንም ዘገባ አንብቦታል።

የቀድሞ የአሸዋ ትራክ ሹፌር፣ ጋርላንድ፣ ቴክሳስ