መንገዱ እስኪሠራ ገመዱን እናጥብቅ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

እንዴት ሰነበታችሁ? የምጽፈው ከጅማ ነው። ሥራዬ ከመና ወረዳ ቀበሌዎች እሸት ቡና በሞተር ጭኖ መፈልፈያ ማድረስ ነው። ስለ ገጠር መንገድ ብዙ ተጽፏል፣ ገና ይጻፍም። ስለ አጫጫናችን ግን የሚያነሳ ሰው አላየሁም። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ ገመድ ነው።

የእኛ ቀይ አፈር ዝናብ ከነካው ድጥ ነው። ጎማና ፓራፋንጎ መሃል ገብቶ ይጠቀጠቅና ጎማው መዞር ያቅተዋል። ሲደርቅ ደግሞ የአይሱዙው ዱካ እንደ ቦይ ሆኖ ይቀራል። እሸት ቡና አይጠብቅም፤ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጆንያው ውስጥ ይሞቃል፣ ይፈላል፣ ደረጃውም ዋጋውም ይወርዳል። ክብደቱስ? ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት ተፈልፍሎና ደርቆ የሚወጣው 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ነው፤ የቀረው ውሃና ልጣጭ ነው፣ እኛ ግን ሁሉንም ተሸክመን ነው የምንሄደው። ስለዚህ እንጣደፋለን፣ በሁለት ጆንያ ላይ ሦስተኛውን እንቆልላለን።

አምና ጥቅምት ላይ እኔም እንደዛ አደረግኩ። ሦስተኛውን ከወንበሩ በላይ ጭኜ ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቀደደ ጎማ አሰርኩት። ጎማ ሲያስሩት ጥብቅ ያለ ይመስላል፣ ግን ይለጠጣል። ቁልቁለት ላይ የሞተሩ ፊተኛ ጎማ ቦይ ውስጥ ሲገባ ጆንያው ወደ ግራ ዘመመና ሞተሩንም እኔንም ይዞን ሄደ። ቡናው ጭቃው ላይ ተበተነ፣ እግሬ ማርሚታው ሥር ቀረ፣ ጠባሳው አሁንም አለ። የቡናው ባለቤት አንዲት እናት ነበሩ። ከጭቃው ውስጥ ፍሬ በፍሬ እየለቀሙ «አንተ ትረፍ እንጂ ቡናው ይለቀማል ልጄ» አሉኝ። ያን ቀን ልረሳው አልችልም።

የእህቴ ልጅ ካናዳ፣ የሎውናይፍ ነው የሚኖረው። በብርዱ ወራት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚወርድበት፣ ሐይቁ ሳይቀር በረዶ የሚሆንበት አገር ነው። እዚያ ዕቃ የሚጎትቱት ስኖውሞቢል በሚሉት የበረዶ ሞተር ነው፤ ከኋላው ጎማ የሌለው ተንሸራታች ይታሰርበታል። ብዙ ሞተር የተመላለሰበት የበረዶ መንገድ ጉብ ጉብ ይላል፣ ተንሸራታቹም እየዘለለ ዕቃውን ይበትናል። የእኔን ነገር በስልክ ስነግረው «አጎቴ፣ እኛም ጋ የሚገለብጠው ከላይ የተጫነው ነው፤ ከባዱን ከታች ያድርጉት» አለኝ። እዚያ ያሉት ጫኞች ትንሽ ከሄዱ በኋላ ቆመው ገመዱን እንደገና ያጠብቁታል፣ ምክንያቱም ጭነት ሲንገጫገጭ ይቀመጣል፣ ገመዱም ይላላል። ተንሸራታቹንም በገመድ ሳይሆን በብረት ዘንግ ነው ከሞተሩ ጋር የሚያያይዙት፤ በገመድ ከሆነ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዙ ከኋላ መጥቶ ይገጫቸዋል። እኛ ጋ ጋሪ ከሞተር ኋላ በገመድ የሚጎትቱ ልጆች አይቻለሁ። እባካችሁ ተዉት።

ይህን ሁሉ በሰፈሬ ዕድሜያቸውን ሙሉ በቅሎ ሲጭኑ ለኖሩ አንድ አባት ብነግራቸው ምንም አልገረማቸውም። ሲጭኑ አይቻቸዋለሁ። መጀመሪያ ደልዳሉን፣ ከጭነቱ ሥር በቅሎዋ ጀርባ ላይ የሚደረገውን፣ በመዳፋቸው ያለሰልሳሉ። የግራውንና የቀኙን ጆንያ ተራ በተራ አንስተው ይመዝናሉ፣ አንዱ ከበደ ብለው ካሰቡ ፈትተው ያካፍላሉ። ከዚያ በጉልበታቸው ጭነቱን ገፍተው መጫኛውን፣ ማሰሪያ ገመዱን፣ ይስቡታል። የመጀመሪያውን ወንዝ ሲሻገሩ ቆመው ደግመው ያጠብቃሉ። «በቅሎ ካልተመቻት ትቆማለች፤ ሞተራችሁ ግን አይናገርም» አሉኝ።

እና የምለው ይህ ነው። ጅማ ላይ ለሞተር የሚበየደው የዕቃ መጫኛ ብረት ከወንበሩ በላይ የቆመ ነው። በሁለቱ ጎን ወደ ታች የሚወርድ አድርጋችሁ ሥሩልን፣ በያጆች፤ ጭነቱ ከወንበሩ በታች ሲሆን ሞተሩ ይታዘዛል። የገበሬ ማኅበራት ደግሞ ለቀማው ሳይጀመር ለሞተረኛው ግማሽ ቀን ስጡት፣ እንደ እኚህ ያሉ አባት ጠርታችሁ አሰሳሰሩን ያሳዩ። ጭነት ላይ ሕፃን ማስቀመጥ ደግሞ ይቅር። በየገበያ ቀኑ ሳየው ያመኛል።

የአባታችንን እጅ መጫኛ ሲያስሩ በአራት ፎቶ አንስቼ ከደብዳቤው ጋር ልኬላችኋለሁ። ፊታቸው አይታይም፣ እንደዛ ይሁን ስላሉ ነው። ቦታ ካላችሁ አራቱንም በቅደም ተከተል አውጡልኝ፤ ሦስተኛው ከተዘለለ ቋጠሮው እንዴት እንደተቋጠረ አይገባም።

ቡና ጫኙ፣ ከጅማ