የሸክላ ሠሪዎችን ሳንባ ማን ይጠብቀው?

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ
የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሸክላ ሥራ አቧራ በሴቶች ጤና ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ይመለከታል

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

ጀበናው፣ ምጣዱ፣ ድስቱ፣ የዕጣን ማጨሻው ከቀጨኔም ይምጣ ከገጠር ገበያ፣ አብዛኛው የሴቶች እጅ ሥራ ነው። እነዚህ ሴቶች ዕድሜ ልካቸውን ስለሚስቡት አቧራ ግን በመሥሪያ ቤታችሁም ሆነ በጤና ጣቢያ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ያደግሁት ሸክላ በሚሠራበት ቤት ነው። እርጥብ ጭቃ ሳንባን አይጎዳም፤ ጉዳቱ ያለው ደረቁ ላይ ነው። አፈሩ በጆንያ መጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲደርቅ ይወቀጣል፣ በወንፊት ይነፋል። ጭቃው እሳት ሲያገኘው እንዳይሰነጠቅ አሮጌ ገል ተወቅጦ ይደባለቅበታል። ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው። ገሉ ሲደቅ የሚነሳው ቀላ ያለ ብናኝ የወቃጯን ቅንድብና ሽፋሽፍት ያለብሰዋል። እሷም የነጠላዋን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ጣል አድርጋ መውቀጧን ትቀጥላለች። ማታ ያው ክፍል በደረቅ መጥረጊያ ይጠረግና የልጆች ፍራሽ ይነጠፍበታል።

ነጠላው የሚይዘው በዓይን የሚታየውን ብቻ ነው። በአፈሩም በገሉም ውስጥ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለ። የሲሊካ ደቃቅ ብናኝ በዓይን አይታይም፣ በአየር ላይ ለሰዓታት ይቆያል፣ እስከ ሳንባ ጥግ ድረስ ይገባል። እዚያ ሲከማች ሳንባው ይጠባሳል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል፤ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ብዙውን ጊዜ ራሱን የሚገልጠው ከ10 ዓመትና ከዚያ በላይ በኋላ ስለሆነ ሴትዮዋ ትንፋሽ ሲያጥራት «እርጅና ነው» ትባላለች። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ይህን ብናኝ ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ሲሊካ የጎዳው ሳንባ ለቲቢም በቀላሉ ይጋለጣል፤ ቲቢ በሰፊው ባለበት አገራችን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሳል ይዟት ጤና ጣቢያ የሄደች ሸክላ ሠሪ አክታዋ ይመረመራል። ቲቢ ቢገኝባት ታክማ ወደዚያው አቧራ ትመለሳለች፤ ባይገኝባት የሳል ሽሮፕ ይዛ ትመለሳለች። ሥራዋ ምን እንደሆነ የሚጠይቃት የለም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ሸክላ ሠሪዋ ግን አሠሪ የላትም። በራሷ ኃላፊነት ስለምትሠራ አዋጁ እሷን አይመለከታትም፤ ተቆጣጣሪም በሯን አያንኳኳም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና ለአደጋ የማያጋልጥ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ሲደነግግ እነዚህን እናቶች ከቁጥር ማጉደሉ ነው ብዬ አላምንም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መሳደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። «ቡዳ» እየተባሉ የኖሩ ሰዎች ክብራቸው እንዲጠበቅ ያኔ አዋጅ ከወጣ፣ ዛሬ ለጤናቸው መመሪያ ማውጣት የሚከብድ አይመስለኝም።

የምጠይቀው ብዙ ወጪ የሚያስወጣ አይደለም። ከሁሉ በፊት ውኃ ነው። አፈሩና ገሉ ከመወቀጡ በፊት ውኃ ከተረጨበት አቧራው በእጅጉ ይቀንሳል፤ ወለሉም በእርጥብ ጨርቅ ከተወለወለ አየር ላይ የሚወጣው አቧራ ይቀንሳል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን ለጀሪካን የምትሰለፍ ሴት ያንን ውኃ ወለል ላይ አታፈስም፤ አይፈረድባትም። ስለዚህ ለተደራጁ ሸክላ ሠሪዎች የሚሰጡ ሼዶች የውኃ መስመርና በቂ ታንከር ይኑራቸው፤ መውቀጫውም ጣሪያ ብቻ ባለው ክፍት ቦታ፣ ከመሥሪያው ተለይቶ ይሁን። ለሚወቅጡት ደግሞ እንደ ኤን 95 ያለ፣ ፊት ላይ የሚገጥም ጭምብል ይቅረብ። በኮቪድ ጊዜ የለመድነው የጨርቅ ማስክ ለዚህ አይሆንም። የሥራ ልብስ እዚያው ተለውጦ ቢታጠብ አቧራው ሕፃን ወዳለበት ቤት አይገባም።

ከጤና ሚኒስቴር ጋር ተነጋግራችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ስለ ሲሊካ እንዲሠለጥኑ አድርጉልን። የቲቢ ክሊኒኮችም «ሥራሽ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ካርዱ ላይ ያስገቡ። ለረጅም ዓመታት በሙያው የቆዩት እናቶች የደረት ራጅ በነፃ ቢነሱ፣ ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ እናንተም እኛም እናውቃለን።

በሚቀጥለው የቁጥጥር ዕቅዳችሁ ሸክላ ሠሪዎች የሚሠሩባቸው ሼዶችና ቤቶች እንዲካተቱ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የምትልኳቸው ባለሙያዎች በውቀጫ ሰዓት ቢመጡ ሥራውን በዓይናቸው ያዩታል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሸክላ ሠሪ ልጅ