ሃውሳ «ሙቱ»ን ከእኛ አልወሰደም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ቃላት ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ በምዕራብ አፍሪካ የሚኖሩት ሃውሳዎች «ሞተ» ለማለት «ሙቱ» ይላሉ፣ ቃሉንም ከግእዝ ወስደውት ነው የሚል አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ሙቱ» ማለታቸው ልክ ነው። «ወሰዱት» የሚለው ግን ስህተት ነው፣ እንዲታረምም እጠይቃለሁ።

ቃሉን እኔም በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ባለፈው ክረምት መሐል ሜዳ አክስቴ ቤት ቁጭ ብዬ በስልኬ ላይ ያወረድኩትን የሃውሳ ፊልም አያለሁ፣ እሷ ደግሞ ምድጃው አጠገብ ሆና ለባና የሚሆን የበግ ፀጉር ትፈትላለች። ፊልሙ ላይ አንዲት ሴት «ያ ሙቱ! ያ ሙቱ!» እያለች ስትጮህ አክስቴ እንዝርቷን አቆመችና «አንተ፣ ማነው የሞተው?» አለችኝ። በሕይወቷ አንድም የሃውሳ ቃል ሰምታ አታውቅም!

ታዲያ ይሄ ከየት መጣ? «የእኛ ነው» ከማለት በፊት የሃውሳን እህቶች መጠየቅ ነው። በናይጄሪያ፣ በኒጀር፣ በካሜሩንና በቻድ የሚነገሩ ከ150 የማያንሱ እህትማማች ቋንቋዎች አሉ፣ ባንድ ላይ ቻዳዊ ይባላሉ። ቦሌን እንውሰድ (የአዲስ አበባው ሰፈር አይደለም፣ ሰሜን ምሥራቅ ናይጄሪያ ውስጥ የሚነገር ቋንቋ ነው)፣ ንጊዚምን እንውሰድ፣ ማርጊን እንውሰድ። በሁሉም ዘንድ «ሞተ» የሚለው ግሥ «ም» እና «ት»ን ይዟል። ግእዝን ሰምተው የማያውቁ መንደሮች ናቸው። የቋንቋ ሊቃውንቱ ፖል ኒውማንና ሮክሳና ማ በ1966 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ ቃላትን ከብዙ ቻዳዊ ቋንቋዎች ሰብስበው ጎን ለጎን በማስቀመጥ የአያታቸውን ቋንቋ ቃል መልሶ ማግኘት እንደሚቻል አሳይተዋል። ቻዳዊውም፣ ግእዝና አማርኛ ያሉበት የእኛው ሴማዊም፣ የሰሜን አፍሪካው በርበርም፣ የጥንቱ ግብፅም ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው፣ «ሞተ»ንም ከዚያ ግንድ ወረሱት። ወንድማማቾች ሁሉ የአባታቸውን አፍንጫ ቢይዙ አንዱ ከሌላው ሰረቀ አይባልም። እዚሁ ገበያ የምንገናኘው ኦሮሞ ጎረቤታችን ደግሞ «ዱኤ» ይላል፣ ቋንቋው የዚያው የትልቁ ቤተሰብ አባል ሆኖ ሳለ። ቅርብ መኖር ብቻውን ምንም አይናገርም።

መመሳሰል ሲያታልል ደግሞ እዩ። ሃውሳ ጤናን «ላፊያ» ይላል። ጎረቤቶቻችን ወሎዎች «አፊያ ናችሁ?» ይላሉ። ይሄስ የአያት ቃል ነው? አይደለም፣ ሁለቱም ከዐረብኛ ነው የተቀበሉት። በሃውሳው መጀመሪያ ላይ ያለችው «ላ» እንኳ የዐረብኛው «አል» ቅሪት ናት።

አለመመሳሰልም ያታልላል። ሃውሳ ውሃን «ሩዋ» ይላል፣ እኛ «ውሃ» እንላለን፣ ሁለቱን ብቻ ያየ ሰው ዝምድና የላቸውም ብሎ ይደመድማል። እህቶቹን ሲጠይቅ ግን ንጊዚም «አም» ይለዋል፣ ቦሌ «አማ» ይለዋል። የጥንቱ የቻዳዊ ቃል ይህ ነው፣ የጣለው ሃውሳ ነው። አሁን የእኛን ግእዝ አስቡ፣ «ማይ» ነው የሚለው። ትግርኛም እስከ ዛሬ «ማይ» ይላል። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች «ማየ አይኅ» ስንል ካልሆነ በቀር ትተነዋል። ሃውሳና አማርኛ በየፊናቸው አሮጌውን ቃል በአዲስ ቀየሩ፣ እህቶቻቸው ግን አስቀመጡልን።

የእኔን ልብ የነካው ግን ሌላ ነው። መምህር ነኝ፣ ተማሪዎቼ በየዓመቱ «ድምፁ አንድ ከሆነ ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ ለምን ሁለት ሆኑ?» ይሉኛል። ድሮ የምመልሰው አልነበረኝም። ማርጊና ንጊዚም ውስጥ እኛ ፊደል የሌለን አንድ ድምፅ አለ፦ «ል» ሊሉ እንዳሰቡ ምላስን ከላይኛው ጥርስ ጀርባ አስደግፈው ትንፋሹን በምላስ ጎን ያስወጡታል። ላምን የሚጠሩበት ቃል በዚህ ድምፅ ይጀምራል። ሃውሳ ያንን ድምፅ ወደ «ስ» ለውጦ በሬን «ሳ» ይላል። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት የእኛም ንጉሡ ሠ በጥንት ጊዜ እንዲህ ባለ ድምፅ ይነበብ ነበር ይላሉ፣ በኋላ ከእሳቱ ሰ ጋር ተቀላቀለ እንጂ። አሁን ለልጆቹ ድምፁን ራሴ እያወጣሁ አሰማቸዋለሁ፣ እነሱም ተራ በተራ ይሞክሩታል።

ስለዚህ አዘጋጁን የምለምነው፣ በሚቀጥለው እትም «ከግእዝ ወስደውት ነው» የሚለው ይታረምልን፤ በቦታውም «ከእኛ ጋር ወርሰውታል» ይባል።

ከአክብሮት ጋር፣
የአማርኛ መምህር፣ ደብረ ብርሃን