ከመርጨታችን በፊት ጉንዳኗን እንለያት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። የጎንደር አዘዞ ነዋሪ ነኝ። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ከግቢዬ ሎሚ ዛፍ ተነስታ በኩሽናው መስኮት የምትገባ ጉንዳን አለች። ከለመድነው ትልቁ ጥቁር ጉንዳን ጋር አትመሳሰልም። ትንሽ፣ ጥቁር፣ የምታብረቀርቅ፣ እግረ ረጅም ናት። ሩጫዋ ለጉድ ነው። አትነድፍም፤ መስመሯ ግን ማለቂያ የለውም።

ጎረቤቶቼ «ማላታይን ርጪባት» አሉኝ። ዱቄትና እንጀራ ባለበት ቤት እንዴት ተደርጎ? ፀረ ተባይ የሚሸጥበት ሱቅም ሄድኩ። ሻጩ ምን ዓይነት ጉንዳን እንደሆነች እንኳ ሳይጠይቀኝ ጠርሙስ አቀበለኝ። ያንገበገበኝ ይኼ ነው።

ልጄ በስልኩ ከጎን ፎቶ አነሳት። አጉልተን ስናያት ወገቧ ላይ አንዲት ጉብታ አለች። ጉብታዋ አናት ላይ ደግሞ ሁለት እሾህ መሳይ ሹሎች። ይህ ሌፒሲዮታ የሚባለው የጉንዳን ወገን ምልክት ነው። ለአካባቢያችንም ባዳ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በደቡብ ጎንደር ገላውዴዎስ ቤተ ክርስቲያን ደንና ዙሪያው ሌፒሲዮታ ካኔሰንስ የተባለችው ዝርያ ግዙፍ ማኅበር፣ ማለትም እርስ በርስ የማይጣሉ ብዙ ጎጆዎች ኅብረት፣ እንደምትመሠርት አሳይቷል። አንዱ ማኅበር 38 ኪሎ ሜትር ድረስ ይዘረጋል!

የእኔዋ እሷ ትሁን ዘመዷ፣ በማይክሮስኮፕ የሚያይ ባለሙያ ነው የሚለየው። መለየቱ ደግሞ ጥቅም አለው። እንዲህ ባለ ማኅበር ውስጥ መስመሩ ላይ ቢረጩ የሚሞቱት ሠራተኞቹ ናቸው፤ ጎጆው ሌሎችን ይልካል። እኔ የሎሚውን ቅጠል ገልብጬ ሳይ ጀርባው ላይ የተለጠፉ ጥቃቅን ተባዮች አገኘሁ። ጉንዳኖቹ ከነሱ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ይልሳሉ። ቅርንጫፉን በሳሙና ውሃ አጠብኩት፣ መስኮቱን የነካውን ቆረጥኩት። መስመሩ ሳስቷል።

የምጠይቀው ይህን ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ መምህራን ሕዝቡ ያመጣውን ነፍሳት አይተው የሚነግሩበት ቀን ቢመድቡልን። ጋዜጣችሁም መልሳቸውን የሚያወጣ ትንሽ ዓምድ ቢከፍት። አንባቢዎችም ጥቂት ጉንዳን ይዛችሁ በመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ አልኮል ጨምራችሁ አስቀምጡ። ቀኑንና ያገኛችሁበትን ቦታ በእርሳስ ጽፋችሁ ክተቱበት፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል። የእኔ ብልቃጥ ተዘጋጅቷል፤ ቀኑ ሲነገረን ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአዘዞ እናት፣ ጎንደር