ወርቅ የሌለባቸው «የወርቅ ድስቶች»

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ቅዳሜ ከጓደኞችሽ ጋር በሰሜን እንግሊዝ ካለው ከሃይ ሮቸስተር ተነስታችሁ ዲር ስትሪት በሚባለው ጥንታዊ መንገድ ወደ ቺው ግሪን እንደምትሄዱ ስለነገርሽኝ፣ በመንገዱ ዳር «ጎልደን ፖትስ» የሚሏቸውን ድንጋዮች እንዴት እንደምታዪያቸው አስቀድሜ ልጻፍልሽ ብዬ ነው። ስማቸው «የወርቅ ድስቶች» ማለት ነው። ወርቅ የለባቸውም፣ ድስትም አይደሉም፤ የመንገድ ዳር መስቀል መቆሚያዎች ናቸው።

መጀመሪያ ዘመናቸውን ለዪ። መንገዱን የሠሩት ሮማውያን ናቸው፤ በአንደኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ጦራቸው ከዮርክ ወደ ስኮትላንድ ሲዘልቅ የዘረጉት ነው። ሃይ ሮቸስተር ያለውንም ምሽግ ብሬመኒየም ይሉት ነበር። እነሱ ከሄዱ በኋላ ግን መንገዱ ሥራ አልፈታም። በመካከለኛው ዘመን ይህ ክፍል ጋመልስፓዝ ይባል ነበር፤ በ1249 የእንግሊዝና የስኮትላንድ ፈረሰኞች የድንበሩን ሕግ ሲጽፉ የሬድስዴልና የኮኬትዴል ሰዎች ሙግታቸውን በጦር መሣሪያ ተጋጥመው የሚጨርሱበት ቦታ ብለው የጠቀሱት ይህንኑ ነው። ድንጋዮቹ የመካከለኛው ዘመን ናቸው። የሮማ መንገድ ዳር ስለቆሙ ብቻ «የሮማ ድንጋይ» የሚልሽ ሰው አንድ ሺህ ዓመት ያህል ይሳሳታል።

አሁን የምታዪው የመስቀሉን ግርጌ ብቻ ነው። የመንገድ ዳር መስቀል ሲሠራ ሦስት ነገር ይኖረዋል፦ ከፊሉ መሬት ውስጥ የሚቀበር ከባድ መቆሚያ፣ ከላዩ የሚሰካ ዘንግ፣ ጫፉ ላይ የመስቀሉ ራስ። ጠራቢው የመቆሚያውን አናት በመሮ አራት ማዕዘን አድርጎ ይፈለፍለዋል። የዘንጉንም ታች አቅጥኖ እዚያ ውስጥ ይከተዋል፤ እንዳይወዛወዝም በእርሳስ ወይም በኖራ ያጠብቀዋል። ዘንጉ ሲጠፋ የሚቀረው ባዶ ጉድጓድ ያለበት ድንጋይ ነው። ዝናብ ሲሞላው ቁርጥ የእኛን ሙቀጫ ይመስላል። ሰው ድስት ቢለው አይደንቅም።

ዘንጉ ለምን ይጠፋል? ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከመቆሚያው ጋር በሚገናኝበት አንገቱ ላይ ነው። ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ሌሊት በረዶ ሆኖ ሲረጋ መጠኑ በመቶ 9 ያህል ይጨምራል፤ በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ እያለ አሸዋማውን ድንጋይ ይፈለቅቀዋል። ከብት ያከክበታል። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት በሃይማኖት ለውጡ ምክንያት ሆን ተብሎ የተሰበረም ብዙ ነው። የወደቀውን ዘንግ ደግሞ ገበሬው ለበር ምሰሶ ወይም ለአጥር ካብ ይወስደዋል። ስለዚህ መቆሚያውን ካገኘሽ በቅርብ ያለውን የድንጋይ አጥር ሳታዪ አትለፊ።

ሌላ ድንጋይ እንዳያታልልሽ ደግሞ እንዲህ ለዪ። የሮማ የርቀት ድንጋይ እንደ ዓምድ ክብ ነው፣ ቆሞ የሚነበብ ነው፤ አናቱ ላይ ጉድጓድ አይጠበቅበትም። ጽሑፉ ካልተፋቀ የንጉሠ ነገሥቱ ስምና «ሺህ እርምጃ» ለማለት የሚጽፏቸው ሁለት የላቲን ፊደላት ይኖሩታል። የሮማ ማይል 1,480 ሜትር ያህል ነው፣ የእንግሊዙ 1,609፤ ርቀት ስትለኪ አታቀላቅያቸው። ቪንዶላንዳ ከሚባለው የሮማ ምሽግ አጠገብ አንዱ ሙሉ ድንጋይ ዛሬም በቦታው ቆሟል። ከከርክቢ ሎንስዴል በስተሰሜን ሚድልተን ያለው ደግሞ 53 ማይል ይላል፤ በ1836 ከመሬት አውጥቶ ያቆመው ሰው የራሱን ላቲን ስለጨመረበት ሁለቱን ጽሑፍ ነጥለሽ አንብቢ። የበር ምሰሶ ከሆነ ጉድጓዶቹ በጎኑ ናቸው፤ የማጠፊያው ብረት ዝገት ወይም እርሳስ ይቀርበታል። በጠርዙ ላይ ተሰልፈው የግማሽ ክብ ቀዳዳ ምልክቶች ካየሽ ድንጋዩ በዘመነኛ መሰርሰሪያ የተፈለጠ ነው፣ ከመካከለኛው ዘመን አትቁጠሪው። «የወረርሽኝ ድንጋይ» የሚባሉም አሉ፤ ገንዘብ በኮምጣጤ ይነከርባቸው ነበር ይባላል። ከእነሱ አንዳንዶቹ ቀድሞ የመስቀል መቆሚያ የነበሩ ናቸውና ስሙን ብቻ አትመኚ።

ካርታሽን ስትከፍቺ (የብሪታንያ መንግሥት የካርታ ድርጅት የኦርድናንስ ሰርቬይ 1፡25,000 ካርታ ይበቃል) ፊደሉን ልብ በይ። የሮማ ቅርስ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ ሌላው ጥንታዊ ቅርስ በጥንታዊው ጥቁር የጎቲክ ፊደል ነው የሚታተመው። ብዙ ክርክር እዚያው ያበቃል።

ድንጋዩ ጋ ስትደርሺ መጀመሪያ ዙሪያውን ሂጂ እንጂ አትቅረቢው። መንገዱ ከፍ ያለ ጀርባ አለው፣ በግራና በቀኝ ደግሞ ቦይ፤ ድንጋዩ ከጀርባው ላይ ነው ወይስ ከቦዩ ማዶ? ከዚያ ሆኖ ወንዝና ሸለቆ ሲከፈል ይታያል? እነዚህ መስቀሎች ለመንገደኛ ምልክት ብቻ ሳይሆኑ ብዙ ጊዜ የወሰን ድንጋይም ስለነበሩ መልሱ እዚያ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ ከመሬት በላይ ያለውን ቁመት ለኪ። የጉድጓዱን አፍ በሁለት በኩል፣ ጥልቀቱን ደግሞ መሐሉና አራቱ ማዕዘን ላይ ለኪ፤ በእንጨት ነው፣ በብረት አይደለም። የጉድጓዱ ረጅም ጎን ወዴት እንደሚያይ በኮምፓስ ያዢ፣ የመስቀሉ ፊት የቱ እንደነበር የሚነግርሽ ይህ ነውና። ፎቶ ስታነሺ ሜትር አጠገቡ አስቀምጪ። የመሮ ምልክት የሚታየው ፀሐይ ዝቅ ስትል ነው፤ ቀትር ላይ ከደረሳችሁ በጃኬት አጥልተሽ ባትሪ ከጎን አብሪበት። ከሁሉም አቅጣጫ 60 ያህል ተደራራቢ ፎቶ ካነሳሽ በኋላ በኮምፒውተር ቅርጹን ማውጣት ይቻላል፤ ለዚያ ግን ደመናማ ብርሃን ይሻላል።

የድንጋይ ሽበቱን አትፋቂው። ጠመኔም አትቀቢ፣ በሽቦ ብሩሽም አትንኪው። ወርቅ አለ የሚል ሰው የብረት መፈለጊያ ይዞ ከመጣ ደግሞ በ1979 ሕግ መሠረት በተመዘገበ ቅርስ ላይ ያለ ፈቃድ መጠቀም ወንጀል ነው፣ ፊት ለፊት ንገሪው።

ከሁሉ በላይ አታንቀሳቅሱት፣ «ትንሽ ቀና እናድርገው» እንኳ ቢሉሽ። ድንጋይ ከተተከለበት ሲነሳ ምስክርነቱ ግማሽ ይሆናል። በሰሜን እንግሊዝ በስቴንሞር በሮማ መንገድ ላይ የነበረው ሬይ ክሮስ የሚባል የድንጋይ መስቀል በ954 የተገደለው የኖርዘምብሪያው ንጉሥ የኤሪክ መቃብር ነው ይባል ነበር። በ1990 መንገዱ ሊሰፋ ሲል ተቆፍሮ ታየ፣ አስከሬን አልተገኘም። ያ የታወቀው ከመነሳቱ በፊት ሥሩ በሥርዓት ስለተቆፈረ ነው። የአክሱም ሐውልታችንም እኮ ሮም ውስጥ የአፒያ መንገድ ከሚጀምርበት ፖርታ ካፔና ዘንድ ከ1937 እስከ 2003 ሲቆም፣ ስለ አክሱም የሚነግረው ነገር ሁሉ ከመሠረቱ ጋር አክሱም ቀርቶ ነበር።

ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩልሽ። ቦታው የጦር ሠራዊት ማሠልጠኛ መሆኑን ደግሞ አትርሺ፤ ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ አትለፉ፣ የተኩስ ቀኑን ሳታዪ አትነሱ፣ መሬት ላይ የወደቀ ብረት ምንም ቢመስል አታንሱ። የለካሽውን ለኖርዘምበርላንድ የቅርስ መዝገብ ላኪና ኮፒውን ለእኔም ላኪልኝ፤ የማዕዘኖቹን ጥልቀት በተለይ እጠብቃለሁ።

የምትወድሽ እናትሽ