ከኤልሳቤጥ ጎን የተቀመጡት

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

በአሜሪካ ሊትል ሮክ ከተማ ነጮች ብቻ ይማሩበት በነበረ ትምህርት ቤት ለመማር ስለሄዱት ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። የቀረችብኝ ግን አንዲት ሴት አለች።

መስከረም 4 ቀን 1957 እ.ኤ.አ. ከዘጠኙ አንዷ ኤልሳቤጥ ኤክፎርድ ወደ ትምህርት ቤቱ ብቻዋን ነበር የሄደችው። ቤታቸው ስልክ ስላልነበረ አብረው እንዲሄዱ የተላከው መልእክት አልደረሳትም። ራሷ የሰፋችውን ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ጥቁር መነጽር አድርጋ መጣች። ወታደሮቹ መንገድ ዘጉባት፤ ሕዝቡ እየጮኸ ተከተላት። አውቶቡስ ፌርማታው አግዳሚ ላይ ስትቀመጥ ገና 15 ዓመቷ ነበር።

መጀመሪያ አጠገቧ የተቀመጠው ቤንጃሚን ፋይን የሚባል ጋዜጠኛ ነው። ቀጥላ ግሬስ ሎርች የተባለች ነጭ ሴት ሕዝቡን ጥሳ ደረሰችና ልጅቷን አውቶቡስ ላይ አሳፍራ፣ አብራት ሄደች። በቃ፣ ይኸው ነው። ንግግር የለ፣ ሰልፍ የለ።

ዋጋው ግን አልቀረላትም። በጥቅምት ወር የሴኔት ኮሚቴ በኮሚኒስትነት ጠርጥሮ ሜምፊስ ድረስ ጠራት። ጋራዣቸው ውስጥ ዲናሚት ተገኘ። ባሏ ሊ ሎርች ጥቁሮች በሚማሩበት ኮሌጅ ሒሳብ ያስተምር የነበረ ሲሆን ለጥቁሮች በመቆሙ ከአንድም ሁለት ቦታ ሥራውን አጥቷል፤ በ1959 ቤተሰቡ ወደ ካናዳ ተሰደደ።

የቀኑ ጀግና ኤልሳቤጥ ናት፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም፤ ያን ሁሉ ጩኸት ብቻዋን ያለፈችው እሷ ናት። በሚቀጥለው እትም ግን ለግሬስ አንድ አንቀጽ ብትሰጡልኝ ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ