የምስጋና መልእክት፦ ግድግዳችን ተመልሶ ተጻፈ

ሰላም የጅማ ልጆች፣ ሰላም ጎረቤቶቼ፣ ሰላም በየሀገሩ የተበተናችሁ የሰፈራችን ልጆች። ኳስ የማሳይበት ዲኤስቲቪ ቤቴ ስለተቃጠለባት ሌሊት አልጽፍም፣ ታውቁታላችሁ፣ ግማሻችሁ ባልዲ ይዛችሁ እዛው ነበራችሁ። ሁለት ወር ሙሉ ልጽፍ እያልኩ ስልኬን አነሳና እንባዬ እየቀደመኝ አስቀምጠው ነበር፣ አሁን ግን ቆርቆሮው ተመቷል በሩም ተገጥሟል፣ ሰበብ የለኝም።

ከሁሉ በፊት ፈጣሪ ይመስገን የሰው ነፍስ አልጠፋም፣ የልጄም እጅ ድኗል። ሌላው ሁሉ እቃ ነው።

አሁን አንድ ሰው አለ። ስሜን እንዳትጽፍ ብለው ስላስማሉኝ ጋሼ ብቻ ነው የምላቸው፣ ታፔላ ጸሐፊው ጋሼ፣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃቸዋል። የዛሬን አያድርገውና ባነር ማተሚያ ሳይመጣ በፊት በእኛ አካባቢ ያለ የሱቅ፣ የጋራዥ፣ የጸጉር ቤት ታፔላ አብዛኛው የሳቸው እጅ ነበር።

ቤቴ ገብታችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ ከስክሪኑ በስተግራ ያለው ግድግዳ ላይ ለአንድ ክለብ ብዙ ጊዜ የተሰለፉ ተጫዋቾች ስም ከነጨዋታቸው ብዛት ተጽፎ ነበር። ሌላ ዲኤስቲቪ ቤት ፖስተር ይለጠፋል፣ እኛ ጋ ቁጥር። የተጀመረው ግንቦት 2000 ነው፣ የማንቼ (ማንቸስተር ዩናይትድ) እና የቼልሲ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ሞስኮ ላይ በተደረገ ለት። ቤቱን ከከፈትኩ ገና ወር አልሞላኝም፣ ሰው ከአቅም በላይ ሆኖ አንዱ በአንዱ ጉልበት ላይ ተቀምጧል፣ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ጊግስ ስኮልስን ቀይሮ ሊገባ መስመሩ ላይ ቆመ፣ ያኔ ጋሼ ከኋላ ብድግ ብለው "759ኛው ነች! ቻርልተንን አለፈው!" ብለው ጮሁ። ማን ይስማቸው። የቼልሲው ቴሪ በዛ ዝናብ ተንሸራቶ መለያ ምት ሲስትማ ጭራሽ ቤቱ ተናወጠ። በነጋታው ጠዋት ብሩሽና ቀለም ይዘው መጡና "ያንን ግድግዳ ስጠኝ" አሉኝ። ሰጠኋቸው። ቦቢ ቻርልተን 758 ብለው ጻፉ፣ ከላዩ ጊግስ 759፣ ግን የጊግስን በእርሳስ።

ለምን በእርሳስ ስላቸው ገና የሚጫወት ሰው በቀለም አይጻፍም አሉኝ። ከዛ በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ ጊግስ በተሰለፈ ቁጥር ሰኞ ሰኞ መጥተው በላጲስ አጥፍተው ይጽፉ ነበር፣ እዛ ቦታ ላይ ቀለሙ እስኪሳሳ ድረስ። በ2006 ጫማውን ሲሰቅል 963 ብለው በቀለም ዘጉት። የኤሲ ሚላኑን ማልዲኒን በ2001 902 ላይ ሲዘጉት አጠገባቸው ነበርኩ፣ ብሩሹን ካነሱ በኋላ ቆመው ዝም ብለው አዩት፣ ሀያ አምስት የውድድር ዘመን አንድ ማሊያ አሉ፣ ሌላ ምንም አላሉም።

እሺ ወደ ነገሬ። ከእሳቱ በኋላ በሦስተኛው ቀን እኔ አመዱ መሀል ቁጭ ብያለሁ፣ ሰው ሲያናግረኝ አልሰማም። ያ ግድግዳ ብሎኬት ስለሆነ ቆሟል፣ ግን ከላይ እስከ ታች ጥላሸት። ጋሼ መጡ፣ አይዞህ እንኳን አላሉኝም፣ ከጀሪካን ውሃ ቀድተው ጨርቅ ነከሩና ግድግዳውን ቀስ ብለው መጥረግ ጀመሩ። ጥቁር ውሃ በክንዳቸው ላይ ይወርዳል፣ እሳቸው ይጠርጋሉ። በኋላ ከጥላሸቱ ስር አንድ ሰባት ቁጥር ወጣች፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ሌላ ሁለት። 722፣ የአርሴናሉ ኦሊሪ ቁጥር። ዞር አሉና "ኦሊሪ አልተቃጠለም፣ ተነስ" አሉኝ። ተነሳሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ ከዛች ሌሊት በኋላ መጀመሪያ በእግሬ የቆምኩት ያኔ ነው። የአርሴናል ደጋፊ እንኳን አይደለሁም።

ከዛ ቀን ጀምሮ እስካለፈው ሳምንት ድረስ ማታ ማታ ይመጡ ነበር። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ በግራ እጃቸው የቀኙን አንጓ ጨብጠው ነው የሚጽፉት፣ አንዷን ስምንት ቁጥር ለመጨረስ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። መብራት ሲጠፋ የጎረቤት ልጅ ስልክ ያበራላቸዋል፣ ልጁ እጁ ሲዝል በሌላኛው ይቀይራል። ጥላሸቱ ስር የተረፈው ትንሽ ነው፣ የቀረውን ሁሉ ከጭንቅላታቸው ነው ያወጡት። የሊቨርፑሉ ካላጋን 857፣ ካራገር 737፣ ጄራርድ 710። የቼልሲው ሮን ሃሪስ 795፣ ቦኔቲ 729፣ ቴሪ 717። የአርሴናሉ ቶኒ አዳምስ 669። የኢንተር ሚላኑ ዛኔቲ 858፣ የሮማው ቶቲ 786። የባርሴሎናዎቹ ዣቪ 767፣ ሜሲ 778። ልጆቹ በስልክ እየፈለጉ አረጋገጡ፣ አንድም አልሳቱም። የቀለሙን ዋጋ ልስጥዎት ስላቸው ተቆጡኝ፣ ጡረታቸውን አውቃለሁ፣ አንድ ጣሳ ቀለም ስንት እንደሆነም አውቃለሁ። ጋሼ፣ ይህን ሰው ያነብልዎታል፣ እድሜ ከጤና ይስጥልኝ፣ አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ይሄንን ቃል ለማንም ብዬው አላውቅም፣ አባቴ ነዎት።

ይቅርታ ትንሽ ቆሜ ነበር።

እድራችን፣ ከቆጪም ከአጂፕም ከመርካቶም የመጣችሁ ወጣቶች፣ ቤተክርስቲያንም መስጊድም ያስተባበራችሁልኝ፣ ገለቶማ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። ውጭ ሀገር ያላችሁ ልጆች፣ በላካችሁት ቆርቆሮና እንጨት ተገዝቷል፣ ደረሰኙ አለ። አስራ ሁለት ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሠርተህ በባጃጅ ልከህ ስልክህን ያጠፋኸው ወንድሜ፣ ማን እንደሆንክ ደርሼበታለሁ። የ2010 የአባ ጅፋርን ቡድን ፎቶ ከራስህ ሳሎን አውርደህ ያመጣህልኝ፣ ያ ገና ባደገበት ዓመት ሊጉን የበላው ቡድን ፎቶ የኔው ሲቃጠል ከስክሪኑ ይልቅ ለሱ ነው ያዘንኩት፣ ልመልስልህ ብል እንደማትቀበለኝ ስለማውቅ ዝም ብዬ ሰቅዬዋለሁ።

የሰፈር እናቶች፣ ስንት ቀን አበላችሁን። ቡናውን አልረሳውም።

ባለቤቴን እዚህ ላይ ላመስግናት አልችልም፣ ቤት ነው የማመሰግናት።

ስማችሁን ያልጠራኋችሁ ብዙ ናችሁ፣ ይሄ በጣም እያሳሰበኝ ነው፣ ሌሊት ሌሊት እገሌን ረሳሁ እያልኩ እነቃለሁ። አንዱ አስር ደቂቃ መጥቶ ሚስማር አቀብሎ ሄዷል፣ አንዷ ከገበያ ስትመለስ አንድ ባልዲ አመድ ደፍታልኝ ዘንቢሏን አንስታ ሄደች፣ ስሟን አላውቀውም። ይህን ለጋሼ ሳወራቸው ምን እንዳሉኝ ልንገራችሁ። በኳስ ቆጠራ የወዳጅነት ጨዋታ አይገባም፣ የፉክክር ጨዋታ ከሆነ ግን ዘጠና ደቂቃ የተጫወተም መጨረሻ ላይ ተቀይሮ የገባም እኩል አንድ ተብሎ ነው የሚመዘገበው፣ ጊግስም ቻርልተንን ያለፈው ተቀይሮ ገብቶ ነው አሉኝ። ስለዚህ ሚስማር ያቀበልከኝም፣ ባልዲ የደፋሽልኝም ተሰልፋችሁልኛል፣ ተመዝግባችኋል። ቅር ያላችሁ ካላችሁ ግን በእግዜር ይቅር በሉኝ፣ ጭንቅላቴ ገና አልረጋም።

በነገራችን ላይ ሥራው ላይ የተጣላችሁ ሁለት ልጆች አላችሁ፣ የማንቼና የሊቨርፑል፣ በቆርቆሮው አቀማመጥ ጀምራችሁ ወደ ክለብ ያዞራችሁት። ጋሼ መሰላል ላይ ሆነው "ካላጋን 857 ጨዋታ ተጫውቶ ቢጫ ያየው አንዴ ብቻ ነው፣ እናንተ ገና ሁለት ቆርቆሮ ሳትመቱ?" ሲሏችሁ ሁለታችሁም አንገታችሁን ደፍታችሁ መዶሻ አነሳችሁ። እናንተንም አመሰግናለሁ፣ ጣሪያው አያፈስም፣ ባለፈው ማክሰኞ ያንን የጅማ ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ ወረደበት፣ ስር ቆሜ አዳመጥኩት፣ አንዲት ጠብታ የለም።

ቅዳሜ እንከፍታለን። የመጀመሪያው ሳምንት መግቢያ አይከፈልም፣ ገንዘብ ይዞ የሚመጣ ሰው ይከፋኛል። ሚስቴ ቡና ታፈላለች። ከፊት ለፊት መሀል ላይ ያለችው ባለመደገፊያ ወንበር የጋሼ ናት፣ ጨዋታው የፈለገው ቢሆን ማንም እንዳይቀመጥባት። ግድግዳው ታች ላይ ገና የሚጫወቱት ቦታ ባዶውን ተትቷል፣ እርሳሱ በክር ታስሮ እዛው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ልጆች እባካችሁ እንዳትወስዱብን።